ጳጉሜ ስምንት

(ደብረ ዘይት፣ መስከረም ስድስት ቀን ከሰዓት በኋላ፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ግቢያቸው ውስጥ ባለው አሮጌ ጋራዥ ከእንቁላል ማስፈልፈያው ማሽን አጠገብ ቆመዋል፤ የልጃቸው ባል ግዛቸው ከኮምፒውተር ማሠልጠኛው ተጠርቶ እያለከለከ ገባ።)

ደብሪቱ፦ ገና ነው በለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ማሽኑ አልተሳሳተም፣ ገና ነው በለኝ።

ግዛቸው፦ እማማ፣ ትንሽ ልተንፍስ። ባለባጃጁን ልከው ከክፍል ሲያስጠሩኝ እኮ ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ ነው የሮጥኩት።

ደብሪቱ፦ ቤቱ ቢቃጠል ይሻለኝ ነበር። ንገረኝ።

ግዛቸው፦ ይኸው ስክሪኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ "ገና" ይላል። ራሴ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው። ሲደርስ "ደረሰ" ይላል፣ እስኪደርስ "ገና" ይላል። ከዚህ በላይ ምን ልበልዎት?

ደብሪቱ፦ ማልልኝ።

ግዛቸው፦ ለእንቁላል ነው የምምለው?

ደብሪቱ፦ በወይንሸት ማልልኝ።

ግዛቸው፦ በሚስቴማ አልምልም። ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ያለችበትን መከራ እያወቅን በስሟ አንጫወትም። ምን ሆነው ነው? ምን ሰሙ?

ደብሪቱ፦ ይንጫጫሉ።

ግዛቸው፦ ምኖቹ?

ደብሪቱ፦ እንቁላሎቹ። ቀን ላይ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ሰማሁ። መጀመሪያ የጎረቤታችን የተዋበች ዶሮ ጫጩት ይዛ አጥር ሾልካ የገባች መሰለኝ። ፈለግኋት፣ የለችም። ቀርቤ ጆሮዬን ማሽኑ ላይ ለጠፍኩት። ከውስጥ ነው።

ግዛቸው፦ ወፍ ይሆናላ። ጣራው ሥር ድንቢጥ ጎጆ ሠርታ የለ?

ደብሪቱ፦ እሱንም ተመኝቻለሁ። ድንቢጥ አድርጊው ብዬ ማርያምን ለምኛለሁ።

ግዛቸው፦ ጫጩት ጮኸ ብሎ የሚያዝን ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ወሩን ሙሉ የጠበቅነው ይኼንኑ አይደል እንዴ?

ደብሪቱ፦ ስማኝ እንጂ። እንቁላሉን ያስገባነው ነሐሴ ሃያ ነው፣ በማርያም ዋዜማ። ዶሮ የምትታቀፈው ሃያ አንድ ቀን ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፤ አላመንኩም፣ ደግሜ ቆጠርኩ። ዛሬ ላይ ነው የሚወድቀው።

ግዛቸው፦ በጣት ቆጥረው ከኮምፒውተር ጋር ሊከራከሩ ነው?

ደብሪቱ፦ አልተከራከርኩም። "ተሳስተዋል" በለኝ ነው የምልህ።

ግዛቸው፦ እሺ፣ ተሳስተዋል። ልብዎ ይረፍ። ማሽኑ እንቁላሉን ቀን ከሌት ያገላብጣል፤ ሊፈለፈል ሦስት ቀን ሲቀረው ግን ማገላበጡን ያቆማል። ያኔ እንቁላሉ ይረጋል፤ ጫጩቱ ጭንቅላቱን አስተካክሎ ይተኛና ቅርፊቱን ለመውጋት ይዘጋጃል። አሁን ትሪው ሲዘነበል ይሰማዎታል? እየተገላበጠ ነው። እየተገላበጠ ከሆነ ደግሞ ገና ነው።

ደብሪቱ፦ እየተገላበጠም፣ እየወጡም ቢሆንስ?

ግዛቸው፦ እንደዚያ አይሆንም።

ደብሪቱ፦ ቢሆንስ አልኩህ።

ግዛቸው፦ ቢሆንማ መውጫው ይጠፋባቸዋል። ሊወጋ ሲል ይገለብጠዋል፣ ሊወጣ ሲል ይገለብጠዋል። እዚያው ቅርፊታቸው ውስጥ ያልቃሉ። ግን አይሆንም። ሐምሌ ላይ በአንድ ትሪ ብቻ ስንሞክረው ቀኑን ጠብቆ ቀጥ ብሎ አልቆመም? ዓይንዎ እያየ።

ደብሪቱ፦ ና፣ ጆሮህን እዚህ ጋ አድርግ።

ግዛቸው፦ እማማ፣ ትምህርቴን ጥዬ…

ደብሪቱ፦ አድርግ አልኩህ።

ግዛቸው፦ ማራገቢያው ነው የሚሰማው። ይኼ ሞተሩ ነው። ይኼ ደግሞ… ቆይ። እስቲ አንዴ ዝም ይበሉ።

ደብሪቱ፦ ዝም ብያለሁ።

ግዛቸው፦ አምላኬ።

ደብሪቱ፦ ድንቢጥ ነው?

ግዛቸው፦ አይደለም።

ደብሪቱ፦ ደግመህ ስማ።

ግዛቸው፦ አይደለም እማማ። ጫጩት ነው። አንድም አይደል፣ ብዙ ናቸው። ትሪው በተዘነበለ ቁጥር ይጮኻሉ።

ደብሪቱ፦ እንግዲያው ዘወር በል፣ በሩን ልክፈትና በእጄ ላውጣቸው።

ግዛቸው፦ እንዳይነኩት። አሁን ከተከፈተ እርጥበቱ ወጥቶ ያልቃል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ይደርቅና እንደ ላስቲክ ይጠቀልላቸዋል፤ አፍኖ ይገድላቸዋል።

ደብሪቱ፦ ገመዱን ልንቀለዋ። ሞተሩ ይቁም።

ግዛቸው፦ ሞተሩና ማሞቂያው በአንድ ገመድ ነው የሄዱት። ሲነቀል ሁለቱም ይጠፋሉ።

ደብሪቱ፦ ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሰረው?

ግዛቸው፦ እኔ።

ደብሪቱ፦ ሌላማ ማን ይሆናል።

ግዛቸው፦ ላፕቶፑን ላገናኘው። ስህተቱ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ካገኘሁት አስተካክዬ ሞተሩን ብቻ አቆመዋለሁ።

ደብሪቱ፦ ስህተት አለ አልክ አሁን?

ግዛቸው፦ አለ።

ደብሪቱ፦ ቅድም ተሳስተዋል ያልከው እኔን ነበር።

ግዛቸው፦ ብዬ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ደብሪቱ፦ እኔ የማውቀው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ነው። ያንተ እንቁላል እግር ሲያወጣ ማሽንህ እግሩን ሊሰብረው ነው።

ግዛቸው፦ ኧረ አይጫኑኝ። ማታ ወይንሸት ትደውላለች። ማዳሟ "ሁለት ዓመት ፈርሚልኝ" ብላ ይዛታለች። እሷ ደግሞ "ጫጩቶቹ ከወጡ አልፈርምም፣ ጠቅልዬ እገባለሁ፤ ካልወጡ ግን በምን እንኖራለን?" ነው ያለችኝ። ይኼን ማሽን በላቧ ገዝታ የላከችው ለዚህ ነው። ማታ ስትደውል የሞተ ጫጩት አላሳያትም።

ደብሪቱ፦ የወይንሸትን ነገር ተወው። ማሽኑን እይ።

ግዛቸው፦ እንዴት ነው የምተወው? ሁሉም ለሷ አይደል?

ደብሪቱ፦ ለሷ ቢሆን ድሮ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ ሰምተሃል? ሻንጣዋን ተሸክመህ ኤርፖርት ድረስ ሸኘሃት እንጂ አላስጣልካትም።

ግዛቸው፦ አላስጣልኳትም። እውነትዎን ነው። እርስዎ ባይሉኝም ሌሊት ሌሊት ራሴ ለራሴ እለዋለሁ። የዛሬን ግን አስጥላታለሁ ብዬ ነበር። ማሠልጠኛው ስገባ ከኔ ጋር የሚማሩት ጢም ያላወጡ ልጆች ናቸው። መምህሩ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ሰሌዳው ላይ ጽፎ "ዛሬ የምንማረው ይኼን ነው" ሲል ሳቅሁ፤ እኔ ይኼን ሦስተኛ ክፍል ጨርሼዋለሁ አልኩ። ለወይንሸትም ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። "ተማረው፣ ማሽኑን አንተ ራስህ እንድታዘው እፈልጋለሁ፤ ለሰው እንዳትሰጠው" አለችኝ። ለዚህ ነው ማንም እንዲነካው ያልፈቀድኩት።

ደብሪቱ፦ ባለሙያ እናምጣ ስልህ እምቢ ያልከው ለዚህ ነው?

ግዛቸው፦ ለዚህ ነው።

ደብሪቱ፦ ልጄ ደግሞ ሞኝ አይደለችም፣ ምን ነክቷት ነው?

ግዛቸው፦ ወዳኝ ይሆናላ።

ደብሪቱ፦ ተከፈተልህ?

ግዛቸው፦ እየከፈተ ነው። ቻርጁ ሊያልቅ ነው ይለኛል፤ እዚህ ጋራዥ ያለችው ሶኬት አንዷ ብቻ፣ እሷንም ማሽኑ ይዟታል።

ደብሪቱ፦ ከቤት በረዥሙ ገመድ ልሳብልህ?

ግዛቸው፦ ጊዜ የለንም። እዚሁ ይቁሙና በስልክዎ አብሪልኝ… ይቅርታ፣ ያብሩልኝ። ተደናግጬ አፌ ጠፋኝ።

ደብሪቱ፦ አንቺ በለኝ ከፈለግክ፤ ብቻ አቁመው። እኔ ደግሞ ተዋበችን ነበር የጠረጠርኩ። እንቁጣጣሽ ለት በመስኮቱ አይታ "እንዴት ያምራል" ብላ ዝም አለች፣ ማሻአላህም በስመአብም አላለች።

ግዛቸው፦ ኮድ ቡዳ አይበላውም እማማ።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ምን በላው? አንብብልኝ። የጻፍከውን በአማርኛ አንብብልኝ።

ግዛቸው፦ አይገባዎትም።

ደብሪቱ፦ ላንተም አልገባህ። ጮክ ብለህ አንብበው፤ ጸሎትም ጮክ ሲሉት ነው የሚሳሳቱበት የሚታወቀው።

ግዛቸው፦ እሺ። የመጀመሪያዋ መስመር፣ እንቁላሉ የገባበትን ቀን ውሰድ ትላለች። ነሐሴ ሃያ። ልክ ነው።

ደብሪቱ፦ ልክ ነው።

ግዛቸው፦ ሁለተኛዋ፣ አሥራ ስምንት ቀን ደምርበት። ማገላበጡ የሚቆመው በአሥራ ስምንተኛው ነውና። የመደመር ምልክቷ አለች፤ እሷ አትሳሳትም። ሃያና አሥራ ስምንት ሠላሳ ስምንት።

ደብሪቱ፦ ነሐሴ ሠላሳ ስምንት የለም።

ግዛቸው፦ እሱን አውቄ ነው ሦስተኛዋን የጻፍኳት። የፐርሰንት ምልክት ያለባት ይቺ። ሱቅ ውስጥ ፐርሰንት ናት፤ በኛ ትምህርት ግን ስታካፍል የሚተርፈውን ነው የምታወጣው። ሠላሳ ስምንትን ለሠላሳ ሲያካፍሉት ስምንት ይተርፋል። ወሩ አንድ ይጨምርና ቀኑ ስምንት ይሆናል። መምህሩ ራሱ "ጎበዝ፣ የኛ ወር እንደ ፈረንጅ አይዘበራረቅም፣ ሁሉም ሠላሳ ነው፣ ለዚህች ምልክት የተፈጠረ ነው" ብሎኛል። ሐምሌ ላይ…

ደብሪቱ፦ የሐምሌን ተወውና ወደዚህኛው ና።

ግዛቸው፦ ወደዚህኛው መምጣቴ ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር። አንድ ሲጨመርበት…

ደብሪቱ፦ ምነው ቆምክ?

ግዛቸው፦ አንድ ሲጨመርበት ጳጉሜ ነው።

ደብሪቱ፦ እና?

ግዛቸው፦ ጳጉሜ ስምንት።

ደብሪቱ፦ ምን አልክ?

ግዛቸው፦ ጳጉሜ ስምንት ቀን ላይ አቁም ብዬዋለሁ።

ደብሪቱ፦ ጳጉሜ እኮ አምስት ናት። ቢበዛ ስድስት።

ግዛቸው፦ አውቃለሁ።

ደብሪቱ፦ ታውቃለህ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ፤ ይኸው ጠባ፣ ይኸው ጉዱን ሰማን።

ግዛቸው፦ ሁሉም ወር ሠላሳ ነው ብዬ ጻፍኩት። ጳጉሜን ማን ወር ብሎ ይቆጥራታል? ደመወዝ የላት፣ የቤት ኪራይ የላት። ሰው ዝናብ ተጠምቆ ያልፋታል እንጂ።

ደብሪቱ፦ እሺ፣ አልፋለች እኮ። ዛሬ መስከረም ስድስት ነው። ካለፈች ለምን አላቆመም?

ግዛቸው፦ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ እሱን ክፍል ተሠርቶ ያገኘሁት ነው፣ ጳጉሜንም በልኩ ይቆጥራል። ማቆሚያውን ያሰላሁት ግን እኔ ነኝ። ይቺን ይመልከቷት፤ ሁለት ጊዜ እኩል ነው፣ እኩል ነው ተደርጋ የተጻፈችውን። ጥያቄ ናት። በየሰዓቱ ትነሣና "ዛሬ ጳጉሜ ስምንት ነው ወይ?" ብላ ትጠይቃለች። አይደለም። "ገና" ብላ ትጽፋለች። በበነጋታው ደግሞ ትጠይቃለች። አልፎ ይሆን ወይ ብላ ግን አትጠይቅም፤ እኩል ነው ወይ ብቻ ነው የምታውቀው።

ደብሪቱ፦ እስከ መቼ ነው የምትጠይቀው?

ግዛቸው፦ ቀኑ እስኪመጣ።

ደብሪቱ፦ የማይመጣ ቀን እኮ ነው።

ግዛቸው፦ አዎ።

ደብሪቱ፦ እኔም ጠዋት ማታ እዚህ ቆሜ "ገና" ሲለኝ እሺ እያልኩ የምመለሰው እግዜር ያልፈጠረውን ቀን እየጠበቅኩ ነው።

ግዛቸው፦ እማማ፣ አያልቅሱ። አገኘሁት እኮ። ቀኑን አጥፍቼ ከገቡ ወዲህ ያለፉትን ቀኖች ቁጠር እለዋለሁ። እኩል ነው ወይ የምትለውንም አነሣና "ይበልጣል ወይም እኩል ነው" የምትለውን ምልክት አስገባለሁ። አሥራ ስምንት ከሆነም፣ ከዚያ ካለፈም አቁም።

ደብሪቱ፦ መጀመሪያ እንዲያ ብትለው ምን ነበረበት?

ግዛቸው፦ አንዲት ጭረት ናት።

ደብሪቱ፦ አንዲት ጭረት።

ግዛቸው፦ አዎ። ይኸው ጻፍኳት። ሂድ… ኧረ ምነው? ቀይ አመጣብኝ።

ደብሪቱ፦ ምን ይላል?

ግዛቸው፦ ቅንፍ አልዘጋህም ይለኛል። የት ጋ ነው… ቻርጁ ብልጭ ብልጭ እያለ ነው። እማማ፣ መብራቱን ወደኔ ያድርጉት፣ ጣቴ አይታየኝም።

ደብሪቱ፦ ይኸው። አትቸኩል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ይኼ ደግሞ ቢፈስ የማይለቀም ነው።

ግዛቸው፦ ዘጋሁት። ላኩት።

ደብሪቱ፦ ጸጥ አለ። ግዛቸው፣ ሁሉም ጸጥ አለ። ገደልከው።

ግዛቸው፦ ጸጥ ያለው ሞተሩ ነው። ማሞቂያው እየሠራ ነው፣ ቀዩን መብራት ይዩት። ማራገቢያውም ይሰማል። ትሪው ግን ቆሟል። ቆመ እማማ።

ደብሪቱ፦ ላፕቶፑስ?

ግዛቸው፦ እሱ ጠፋ። ከእንግዲህ ቢፈልግ ይጥፋ። መብራቱን ይስጡኝ፣ በበሩ መስተዋት ልያቸው።

ደብሪቱ፦ ምን ይታይሃል?

ግዛቸው፦ የላይኛው ትሪ ዝም ብሏል። የተወጉ አሉ፤ ወግተው የቀሩም አሉ። አንዱ ምንቃሩን አውጥቶ… አይንቀሳቀስም።

ደብሪቱ፦ ሞተዋል?

ግዛቸው፦ እነዚህ ሳይሞቱ አልቀሩም። ቆይ፣ ዝቅ ልበል። ታችኛው… እማማ፣ ይምጡ። ይምጡ ይዩት። አንዱ ወጥቷል። እርጥብ ነው፣ ቆሞ ይወድቃል። ሌላውም ቅርፊቱን እየገፋ ነው፤ ከኋላው ደግሞ ሌላ አለ። ብዙ ናቸው። የላይኞቹ ቢያልቁም እነዚህ ይበቁናል። በነዚህ መጀመር እንችላለን።

ደብሪቱ፦ በሕይወት አሉ?

ግዛቸው፦ አሉ እንጂ። ዛሬ ነው ቀኑ፤ የቆጠሩት ልክ ነበር። ማታ ስትደውል ይኼን ነው የማሳያት። አትፈርምም። ትገባለች። ምነው? ደስ አላለዎትም እንዴ? ምን ሆነው ነው የተቀመጡት?

ደብሪቱ፦ ማታ አትደውልም።

ግዛቸው፦ ትደውላለች እንጂ፣ ቃሏ ነው።

ደብሪቱ፦ ጠዋት ደውላለች። ማዳሟ እስከ ማታ አልጠብቅም፣ አሁኑኑ ቁርጡን ንገሪኝ አለቻት። አንተን ሞከረችህ፤ ክፍል ስትገባ ስልክህን ትዘጋለህ። ለኔ ደወለች።

ግዛቸው፦ ምን አለችዎት?

ደብሪቱ፦ "እማዬ፣ ወጡ ወይስ አልወጡም?" አለችኝ። ስልኩን ይዤ እዚህ መጣሁ። ስክሪኑ "ገና" ይላል። "ቀኑ አላለፈም ወይ?" አለችኝ። እኔም ቀኑ የደረሰ መስሎኝ ነበር። ግን አንተ ወሩን ሙሉ "በጣትዎ አይቁጠሩ፣ ስክሪኑን ይመኑ" ስትለኝ ከርመሃል። አመንኩት። "ማሽኑ ገና ነው ይላል" አልኳት።

ግዛቸው፦ ከዚያስ?

ደብሪቱ፦ "እንግዲያው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ለግዛቸው አትንገሪው፣ ሌላ ቀን እኔው እነግረዋለሁ" አለች። ቀን ላይ "ፈርሜያለሁ፣ አታልቅሺ" ብላ ላከችልኝ። የሚንጫጩትን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ግዛቸው፦ ለዚህ ነበር እንዴ ድንቢጥ ይሁን ያሉት?

ደብሪቱ፦ ድንቢጥ ቢሆን ኖሮ ለልጄ እውነት ነግሬያት ነበር።

ግዛቸው፦ አሁን እደውላለሁ። ወጥተዋል እላታለሁ። ትሰርዘዋለች።

ደብሪቱ፦ ወረቀቱንም ፓስፖርቷንም ማዳሟ ቆልፋባታለች።

ግዛቸው፦ ይታረማል እማማ። ያየነው አይደል? አንዲት ጭረት ናት ያጎደልኩት፤ ይኸው አሁን ጨመርኳት፣ ቆመ።

ደብሪቱ፦ ሁለት ዓመት ነው፣ ግዛቸው። ይኼንንስ በየትኛው ምልክትህ ነው የምትቀንሰው?